በደስታና በሐዘን ቀን ስለሚሰጥ ገንዘብ፦ ከ1950ዎቹ ምኩራቦች ለእድራችን የሚሆን ነገር ይገኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ የእድር ጸሐፊ፣ አዳማ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣

አዳማ ከተማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለ አንድ እድር በጸሐፊነት ማገልገል ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እድራችን እንደ ብዙዎቹ እድሮች የሚሰበሰበው ሰው ሲሞት ነው፤ ድንኳኑ የሚተከለው፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከመጋዘን የሚወጣው፣ ጥሩምባውም የሚነፋው ለለቅሶ ብቻ ነው። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ወጣት አባሎቻችን አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ አባል ልጅ ሲወልድ፣ ልጁን ሲድር ወይም ሲያስመርቅ፣ የወላጁንም ሙት ዓመት ሲያስብ፣ ከድግሱ ወጪ ጥቂት ቀንሶ ወላጅ ለሞተባቸው የእድሩ ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ መግዣ ይስጥ የሚል ነው። ሐሳቡ ተጨበጨበለት፤ ደንቡን የማርቀቁ ሥራ ግን በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

በዚህ መካከል አሜሪካ የምትኖር የእህቴ ልጅ፣ በምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ያገኘቻቸውን የአንድ ምኩራብ ወርኃዊ ጽሑፎች ፎቶግራፍ አንስታ ላከችልኝ። የታተሙት በ1950ዎቹ ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የመጀመሪያው ገጽ የጸሎት ሰዓትና የረቢው መልእክት ስለሆነ አልፌው ሄድሁ፤ የያዘኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። አንድ አያት የልጅ ልጃቸው ባር ሚትስቫ ስለ ደረሰ፣ ማለትም 13 ዓመት ሞልቶት ሕጉን ለመጠበቅ ኃላፊ ስለ ሆነ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ሰጥተዋል። አንዲት ሴት ከቀዶ ሕክምና በደኅና ስለ ተነሡ ለጸሎት መጻሕፍት መግዣ፣ አንድ ቤተሰብ ደግሞ ለእናቱ መታሰቢያ ዛፍ ማስተከያ ሰጥቷል። ገጹ እንዲህ እያለ ይወርዳል፤ ከግርጌው የሥጋ ቤትና የቀብር አስፈጻሚ ማስታወቂያ ጎን ለጎን መቀመጡ ፈገግ አሰኝቶኛል። የሰጪው ስምና ምክንያቱ ተጽፏል፤ የገንዘቡ መጠን ግን የለም።

የምጠይቀው ይህንን ነው። ይህ አሠራር በዚያ ዘመን በአይሁድ ማኅበረሰብ ውስጥ በምን መልክ ይካሄድ ነበር? የሰጪን ስም ማተምስ «ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ» ከሚለው ትምህርት ጋር አይጋጭምን?

መልስ 1፦ ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ጸሐፊ ሆይ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። እኛ ምጽዋት የምንለውን አይሁድ «ጼዳቃ» ይሉታል፤ ሥሩም ከእኛ «ጽድቅ» እና ሙስሊም ወገኖቻችን ከሚሉት «ሰደቃ» ጋር አንድ ነው። በእነርሱ ዘንድ ግን ቃሉ ከርኅራኄ ይልቅ ወደ ፍትሕ ያደላል፤ የሰጠ ሰው ዕዳውን ከፈለ እንጂ ደግ ሠራ አይባልም። ዕዳ ከሆነ ደግሞ ልብ እስኪራራ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ቀን ይቆረጥለታል። ቀኖቹን የሚቆርጠውም የቤተሰቡ ሕይወት ራሱ ነው።

ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን ይገረዛል። የእናቱ በኵር ከሆነ ደግሞ ከ30 ቀን በኋላ አባቱ በኦሪት እንደ ታዘዘው በ5 ብር ሰቅል ከካህን እጅ ይዋጀዋል፤ በአሜሪካ ለዚህ 5 የብር ዶላሮችን መጠቀም የተለመደ ነበር። በ13 ዓመት ባር ሚትስቫ ይመጣል። ለሴቶች ልጆች ተመሳሳይ ሥርዓት በአሜሪካ የተጀመረው በ1922 በኒው ዮርክ፣ ረቢ መርዶክዮስ ካፕላን ለልጃቸው ለጁዲት ባደረጉት ሲሆን፣ እርስዎ ባዩዋቸው ጽሑፎች ዘመን በብዙ ምኩራቦች እየተስፋፋ ነበር። ለሞተ ሰው 7 ቀን በቤት ይቀመጣሉ፣ እስከ 30 ቀን ሐዘኑ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዕለቱ ሲደርስ 24 ሰዓት የሚነድ ሻማ ይበራል፤ «ያርትሳይት» ይሉታል፤ የእኛው ሙት ዓመት ማለት ነው። በብዙ ምኩራቦች ግድግዳ ላይ የሟቾች ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ትንሽ አምፖል ተገጥሞ ሙት ዓመቱ በደረሰ ሳምንት ይበራል። ቤተሰቡ ለሰሌዳው የሚሰጠው ገንዘብ ለምኩራቡ ሥራ ይውላል።

የስጦታው መጠንም የራሱ ልማድ አለው። በዕብራይስጥ ፊደሎች ቁጥርም ስለሆኑ «ሐይ» (ሕያው) የሚለው ቃል ሔት 8፣ ዮድ 10 ተደምሮ 18 ይሆናል። ስለዚህ በልደትና በሠርግ 18፣ 36 ወይም ሌላ የ18 ብዜት መስጠት ይወደዳል። እኔ ይህን ልማድ የምወደው ባለጠጋው 180 ዶላር፣ ድኻው 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሰጥተው ሁለቱም «ሕይወት ሰጠሁ» ለማለት ስለሚያስችላቸው ነው።

ለምን በዚያ ዘመን ይህን ያህል በዛ ብለው ቢጠይቁ፣ ምክንያቱ የዘመኑ መከራ ነው። በኅዳር 1938 በጀርመን በአይሁድ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ፣ በ1939 የአሜሪካ አይሁድ ተበታትነው የነበሩ የመዋጮ ድርጅቶቻቸውን በአንድ ዘመቻ ሥር አሰባሰቡ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ዘመቻው ለዚያ ዓመት ብቻ የ100 ሚሊዮን ዶላር ግብ አስቀመጠ፤ በ1948 መጀመሪያ ደግሞ በኋላ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ጎልዳ ሜየር አሜሪካን ዞረው 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰብስበው ተመለሱ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ከጥቂት ሀብታሞች ኪስ ብቻ አይመጣም፤ የባር ሚትስቫ ግብዣ ሳይቀር የመዋጮ አጋጣሚ ሆነ።

የዛፉ ነገር የሌላ ድርጅት ሥራ ነው። በ1901 በባዝል የተመሠረተው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ በየቤቱ ሰማያዊ የሳንቲም ሣጥን ያስቀምጥ፣ ዛፍ ላስተከለም የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። ከእነዚያ ደኖች አንዳንዶቹ በ1948ቱ ጦርነት ነዋሪዎቻቸው በተፈናቀሉባቸው የፍልስጥኤማውያን መንደሮች ላይ መብቀላቸው ግን ዛሬ የታወቀ ጉዳይ ነው። ለእናቱ መታሰቢያ ዛፍ ያስተከለው ሰው በሩቅ አገር ሆኖ ይህን ሊያይ አይችልም ነበር። ገንዘቡ የት እንደሚደርስ ለሰጪው የሚታይበትን መንገድ ከአሁኑ ቢያስቡበት ይበጃል።

መልስ 2፦ ገንዘብ ያዥዋ (እዚያው አዳማ፣ የሌላ እድር)

መምህር፣ ትምህርትዎ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ነገሩን ከሣጥኑ ቁልፍ በኩል ነው የማየው። የእኛ እድር ከአራት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሞክሮ ነበር። ልጆቻቸውን ያስመረቁ ወላጆች የሰጡት ገንዘብ ከነስማቸው በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ተለጠፈ። ከላይ 5000 ብር፣ ከታች 100 ብር። 100 ብሩን የሰጡት እናት እንጀራ እየሸጡ ልጅ ያስመረቁ ሴት ናቸው፤ ወረቀቱን ካዩ በኋላ ለሦስት ወር ከስብሰባ ቀሩ፤ የመቅረት ቅጣት ተቆጥሮባቸው ሊከፍሉ ሲመጡ እኔው ነኝ የተቀበልኳቸው። ቅጣቱን ስቆርጥ የተሰማኝን ኀፍረት ዛሬም አልረሳውም። ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ ያሰኘኛል።

ወንጌሉ ስትመጸውት በፊትህ መለከት አታስነፋ ይላል። የእኛ እድር ደግሞ እውነተኛ ጥሩምባ ያለው ድርጅት ነው! ስለዚህ መጠየቅ የምፈልገው እነዚያ ሰዎች ስም እያተሙ፣ ዝቅ ያለውን አባላቸውን ከኀፍረት እንዴት ይጠብቁ እንደነበረ ነው። ካልጠበቁም ምሳሌነታቸው ለእኛ አይሆንም።

መልስ 3፦ ጡረተኛ የታሪክ መምህር

እትዬ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ እነርሱም ሁልጊዜ አልጠበቁም። በዚያው ዘመን በትላልቅ የመዋጮ እራት ግብዣዎች ላይ እያንዳንዱ እንግዳ በስሙ እየተጠራ የሚሰጠውን መጠን በሰው ሁሉ ፊት እንዲናገር ይደረግ ነበር። ጎረቤቱ 500 ሲል የሰማ ነጋዴ 50 ለማለት ጉሮሮው ይታነቃል፤ አዘጋጆቹም ይህንኑ አውቀው ነው የሚያደርጉት። ገንዘቡ ስደተኛ አበላ፤ መንገዱን ግን እኔም አላመሰግነውም።

ከዚህ ጋር የሚቃረን ሌላ ዘዴም ነበራቸው፤ ለእርስዎ የሚጠቅመው ይኸኛው ይመስለኛል። በስርየት ቀን፣ በዮም ኪፑር ዋዜማ ሕዝቡ ሁሉ በምኩራብ ስለሚሰበሰብ ለመዋጮ የተመቸ ሌሊት ነው፤ ነገር ግን በበዓሉ መጻፍም ገንዘብ መያዝም ክልክል ነው። ስለዚህ በጠንካራ ወረቀት የተሠራ ካርድ ይታደላል፤ በጠርዙ ዙሪያ የገንዘብ መጠኖች ታትመው እያንዳንዱ መጠን በምትታጠፍ ትንሽ ምላስ ላይ ተቀምጧል። ሰውየው የሚሰጠውን መጠን የያዘችውን ምላስ በጣቱ ያጥፍና ካርዱን ይመልሳል። ቃል አይናገርም፣ ብዕር አያነሣም። ገንዘቡን በዓሉ ካለፈ በኋላ ይከፍላል።

ድኻን ከኀፍረት ስለ መጠበቅ የሚናገረው ትምህርታቸው ግን ከአሜሪካ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የሊቃውንታቸው የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ እንደሚተርከው፣ ቀድሞ ለሐዘንተኛ ቤት ምግብ ሲወሰድ (እኛ እዝን እንደምንለው ማለት ነው) ባለጠጎች በብርና በወርቅ መሶብ፣ ድኾች በተላጠ የአኻያ ቅርጫት ይወስዱ ነበር፤ ድኾቹ ስላፈሩ ሁሉም በአኻያ ቅርጫት እንዲወስድ ተደነገገ። በዚያው ክፍል የቀብር ወጪ ከሞቱ ይልቅ ለቤተሰብ ይከብድ ስለነበር አንዳንዱ አስከሬኑን ጥሎ እስከ መሸሽ ደርሶ እንደነበር ይነገራል፤ ረባን ገማልያል የተባሉት መምህር በተራ በፍታ ተገንዘው እንዲቀበሩ ካደረጉ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ የእርሳቸውን ፈለግ ተከተለ። ለተዝካር በሬ ለመጣል ተበድረው ዓመት ሙሉ ዕዳ ሲከፍሉ ላየናቸው ጎረቤቶቻችን ይህን ታሪክ ባነብላቸው ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

በ12ኛው መቶ ዘመን የአይሁድ የሕግ ሊቅ የነበሩት ሙሴ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በ8 ደረጃ አስቀምጠዋል። ዝቅተኛው እያጉረመረሙ መስጠት ነው። ከላይ በሁለተኛነት የተቀመጠው ሰጪና ተቀባይ የማይተዋወቁበት ስጦታ ሲሆን፣ ወረድ ብሎ ደግሞ ተቀባዩ ሰጪውን እያወቀ ሰጪው ተቀባዩን የማያውቅበት አለ፤ ለዚህ ምሳሌ አድርገው ያነሡት ሳንቲሙን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ኋላቸው እየለቀቁ የሚሄዱ ሊቃውንትን ነው፤ ድኾች ከኋላ ፈትተው ይወስዳሉ፣ ሊቁ ግን ዞሮ አያይም። ከሁሉ በላይ ያለው ሰውየው ዳግመኛ እንዳይለምን በስጦታ፣ በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ ማቆም ነው። በ1892 በኒው ዮርክ የተቋቋመው ያለ ወለድ የሚያበድር የአይሁድ ማኅበር የተነሣው ከዚህ ዐይነት አስተሳሰብ ነው፤ ዋስ ይጠይቃል፣ ወለድ አይጠይቅም። ጉልት ለምትቸረችር የእድራችሁ መበለት ከደብተሩ ይልቅ ይኸኛው ሳይበልጥባት አይቀርም።

መልስ 4፦ ከወንጂ

አባቴ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው ፋብሪካው ሥራ በጀመረበት በ1954 ነው። የሠፈሩ እድር ገንዘብ የሚዋጣው በደመወዝ ቀን ስለነበር ማንም ለብቻው አይታይም፤ ሁሉም ተሰልፎ ያንኑ ያህል ይሰጣል። አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ፦ በአዳማ እድሮች ሙስሊምም፣ ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም አለ። ደንቡ «ክርስትና» እና «ተዝካር» ብቻ ብሎ ከዘረዘረ ግማሹ አባል የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለዋል። ልደት፣ ጋብቻ፣ ምረቃ፣ መታሰቢያ ቢባል ይሻላል።

መልስ 5፦ ጎንደር ተወልዶ አዳማ የሚኖር

መምህር ስለ አሜሪካ ሲነግሩን በአገራችን የነበሩት ቤተ እስራኤል ሳይነሡ እንዳያልፉ ብዬ ነው የምጽፈው። አያቴ ክርስቲያን ቢሆንም የእርሻው ማረሻ የሚመታው፣ የቤታችን እንስራም የሚገዛው ከእነርሱ ስለነበር ስለ ሥርዓታቸው ብዙ ያጫውተን ነበር። ወንዱን በ8ኛው ቀን ይገርዛሉ፤ እናት ከመንደሩ ፈንጠር ባለ ጎጆ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ትቆይና ታጥባ ስትመለስ ደስታው ያን ጊዜ ይሆናል። የ40 እና የ80ውን ቁጥር የእኛም ክርስትና ስለሚጠብቀው አያቴ «አንድ መጽሐፍ ያነበብን ሁለት ቤት ነን» ይል ነበር። በሠርግ ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ ነጭና ቀይ ክር ያስራል። ሰው ሲሞት ተዝካር ይወጣል፤ ቄሶቹ ጸልየው መንደሩ በሙሉ፣ ችግረኛውም ጭምር ይበላል። በሰንበት ሴቶች ዳቦ ጋግረው ወደ መስጊድ (የጸሎት ቤታቸውን እንዲህ ይሉታል) ይወስዳሉ፤ ቄሱ ይባርከዋል፣ ለሁሉም ይቆረሳል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ስም የሚታተምበት ወረቀትም ሣጥንም የለም። ዳቦውን የጋገረችው ማን እንደሆነች ግን መንደሩ ያውቃል። በ1950ዎቹ አይሁድን ወደ እስራኤል የማስገባት ሥራ የሚሠራው የአይሁድ ኤጀንሲ በአስመራ ትምህርት ቤት ከፍቶ ከቤተ እስራኤል ልጆች ጥቂቶቹን እስራኤል ወደሚገኘው ክፋር ባትያ የተባለ የወጣቶች መንደር ሲልክ፣ የቤተ እስራኤል መምህርና መሪ የነበሩት አቶ ዮና ቦጋለም በጎንደር መንደሮች ለተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ሲደክሙ፣ ከኤጀንሲው ዋና የገቢ ምንጮች አንዱ መምህር የነገሩን የአሜሪካ መዋጮ ነበር። ጸሐፊው ባዩት ገጽ ላይ ያሉት አያት ለልጅ ልጃቸው ደስታ ብለው ሳንቲም ሲጥሉ ጎንደር የምትባል አገር መኖሯን እንኳ ላያውቁ ይችላሉ።

የጠያቂው ምላሽ፦ የእድር ጸሐፊ፣ አዳማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእትዬን ታሪክ ለሰብሳቢያችን ሳነብላቸው ዝም ብለው ቆዩና «በእኛ በር ላይ ወረቀት አይለጠፍም» አሉ፤ ያንን ጉዳይ በዚሁ ዘጋነው።

የደረስንበት ረቂቅ እንዲህ ነው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ምረቃ ወይም መታሰቢያ ያለው አባል ሁሉ አንድ ዐይነት ፖስታ ይወስዳል፤ በውስጡ ከ10 እስከ 200 ብር የተጻፈባቸው ምላሶች ያሉት ካርድ ይኖራል። አባሉ አንዷን አጥፎ ወይም ምንም ሳያጥፍ ፖስታውን አሽጎ ይመልሳል። በጉባኤው ላይ የሚነበበው ስሙና ምክንያቱ ብቻ ነው፤ የሚነበበውም በፊደል ተራ ሲሆን ምንም ያላጠፈውም ሰው ስም አብሮ ይነበባል። ካርዶቹን የሚከፍቱት ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሚረዱት ልጆች ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ በየመንፈቁ ስንት ደብተር፣ ስንት የደንብ ልብስ እንደ ተገዛ ከነደረሰኙ ይቀርባል። ያለ ወለድ ብድሩን በተመለከተ ሰብሳቢው «ዋስ የሚሆነው ማን ነው?» ብለው ስላነሡት ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል፤ እኔ ግን አልተውኩትም።

ካርዱን ትናንት ማታ ከካርቶን በመቀስ ቆርጬ ለሙከራ ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ በየምላሱ ላይ ከቁጥሩ ጎን የብር ኖቱን ቀለም ቀባሁበት። ጀርባዋን ሰጥታኝ አጠፈችና ፖስታው ውስጥ ከትታ መለሰችልኝ። ፖስታውን ስከፍት ምላሷ ተገንጥላ ወድቃለች፤ የትኛዋን እንዳጠፈች ሳልፈልግ አወቅሁ። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለውን ማተሚያ ቤት ወፈር ያለ ወረቀት እንዲያሳየኝ ነገ ጠዋት እጠይቃለሁ።